ያልተለካው ድርሻ

ራይሊ በወረቀት ቤተሰቤን ሳለች፤
ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ ሴቷን ክብ አረገች።
የታመመ ሲገኝ ውስጡን አጠቆረች፤
የሞተውን ደግሞ ባንድ ጭረት ሰርዛ አለፈች።
አያቴ ጥቁር ናት፤ አክስቴም፣ አባቴ፤
እኔም ግማሽ ጥቁር፣ ገና በሕይወቴ።
ከጎኔ አንድ ሳጥን ባዶውን ቁጭ ብሏል፤
የጥያቄ ምልክት መሃሉ ተተክሏል።

ኡርሆ ነው። ወንድሜ።

«እናንተ ደውሉ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤
«ደንቡ አይፈቅድልንም፤ አንቺው ንገሪው» አለች።
የኩኦፒዮ ሆስፒታል ማኅተም ያለበት
ደብዳቤ ሰጠችኝ፤ ስልኩ በቀይ የተሰመረበት።
በየሁለት ዓመቱ አንጀት ይታይ ይላል፤
ቀድመው ያዩት ቡቃያ ሳያፈራ ይነቀላል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤
ሦስት ሳምንት ያዝኩት፤ ሞኝም ወረቀትም
እኔው ሆኜ ከረምኩ።

አባታችን ሞቶ ጫካው ሲከፈል
ሐይቁ ዳር ለሱ ሆነ፣ ለኔ የረግረጉ ክፍል።
ለአንዲት ጠማማ ጥድ ጠበቃ አቆምን፤
ጥዷን ነፋስ ጣላት፣ እኛ ጸንተን ቆምን
አስራ ዘጠኝ ዓመት።
ይኸኛው ውርስ ግን ቀያሽ አልጠራም፤
ገመድ አልጎተተም፣ «ታላቅ ነህ» አላለም፤
ለየአንዳንዳችን ዕጣ ጣለ በየተራ፣
ገና በማኅፀን፣ ማንንም ሳይፈራ።

የካቲት። ሐይቁ ላይ በረዶው ክንድ ያህላል።
ኡርሆ ከቆፈረው ጉድጓድ አፍ ተቀምጧል።
«ደግሞ ምን ቀረሽ?» አለ ቀና እንኳ ሳይልልኝ፣
«ሐይቁን ነው?»
ደብዳቤውን ዘረጋሁ።
ጓንቱን ሳያወልቅ ተቀበለኝ፤
አጥፎ ከትል ቆርቆሮው ሥር ሸጎጠው።
ክሩ ተወጠረ። ፊቱን ወደ ክሩ መለሰ።
በመጣሁበት ዱካ፣ የገዛ እግሬን እየረገጥኩ ተመለስኩ።

ግንቦት ላይ፣ በራሴ ቀጠሮ ቀን፣
ኮሪደሩ ጥግ አግዳሚው ላይ አየሁት፤
ልጁ ቬንላ ከጎኑ፣ ጉልበቱ ላይ ቅጽ።
ብርጭቆ የሚያህል እጁ ውስጥ እስክሪብቶዋ ጠፍታለች።
አንጀቴ ተላወሰ፣
ካሜራው የማይደርስበት ቦታ።

ሰረቅ አድርጌ አነበብኩ።
«ስለ ምርመራው ማን ነገረዎት?» ይላል ቅጹ።
«አንዲት ሴት» ብሎ ጽፎ ነበር፤
ሰርዞታል።
ከሥሩ፣ ቀለሙ ወረቀቱን እስኪበሳ ተጭኖ፣
«እኅቴ»።

አልተናገረም። እኔም።
ብቻ ልጁን ገፋ አድርጎ
ከአግዳሚው ላይ ፈቀቅ አለልኝ።
ስንት ስንዝር እንደሆነ
አልለካሁም።