አርባ አንደኛው ሣጥን

ታርቱ፣ የጥር ጠዋት፣ ሁለት ተኩል ሆኖ ገና ሳይነጋጋ፣
ማሪት ተቀምጣለች ከግድግዳው ጠጋ
በሕፃናት ወንበር፣
ጉልበቷ ካገጯ ሊገናኝ ትንሽ ሲቀር።

የሙያው ሕግ ግልጽ ነው፦ አትሳቂ፣ አትቆጪ፣
ስምሽን ቢጠሩሽ ፊትሽን አትስጪ፤
እንደ ካፖርት መስቀያ፣ እንደ ማሞቂያው ብረት
ዐይን እስኪለምድሽ ሁኚ የቤት ዕቃ ዓይነት።

ጆሮዋ ውስጥ አንድ ድምፅ በየዐሥራ አምስት ሰከንዱ “ጢው” ይላል፤
አንድ ልጅ፣ አንድ ሣጥን፣ አንድ ፊደል፤ ከዚያ ያልፋል።
“ጋ” ለጋራ ጨዋታ፣ “ጠ” ጠብ ለተነሣበት፣
“ብ” ደግሞ ብቻውን ቆሞ ሥራ የፈታ ዕለት።

ኡኩ፣ ዕድሜው አራት፣ ከመስኮቱ ሥር ቆሟል።
አንድ እግሩ ካልሲ አለው፣ የሌላው የት እንደ ገባ ማን ያውቃል።
ጢው። ብ።
ጢው። ብ።
ልጆቹ ግንብ ሠሩ፣ ግንቡም ተደረመሰ፣
ከርስቲ አለቀሰች፣ ሊናር ወደ መምህሯ ገሠገሰ፤
ጢው። ብ።
አርባ ሣጥን ሞላ በዚያችው በአንድ ፊደል፤
አይፈረድበትም ያየ ሰው “ይህች ተኝታለች” ቢል።

ከዚያ ግን አስተዋለች።
ሊናር ጡብ ሲያነሣ የኡኩ ጣት ይነሣል፣
ከርስቲ ስታለቅስ የኡኩ ትንፋሽ ያንሳል፤
ግንቡ ሊወድቅ ሲል፣ ከሁሉም ቀድሞ
ዐይኑን ጨፍኖ ነበር፣ መስኮቱ ሥር ቆሞ።
ያለ እርሳስ፣ ያለ ቅጽ፣ ያለ ክፍያ
ሥራ ላይ ነበረ። ለዚህ የለም መለያ
ከመመሪያው ገጽ ላይ፤
ለሚያይ ሰው ፊደል የለም፣ ፊደል ያለው ለሚታይ።

አርባ አንደኛው ጢው ሲል ልጁ ዞሮ አያት፣
ሳይስቅ፣ ሳያፍር፣ መስቀያነቷን ገፈፋት፤
እንፋሎት በለበሰው መስኮት ላይ በጣቱ
አንዲት ሰረዝ ሳበ። ሌሎችም ነበሩ፣ ተደርድረው ከፊቱ።

የእሷ እርሳስ ሲወርድ የእሱም ጣት ይወርድ ነበር?
ወይስ ልጅ ነው፣ መስታወት ነው፣ እንዲሁ መጫር?
አታውቅም። አልቆጠረችም።
አርባ ቢሆኑስ ምን ልትል? ባይሆኑስ?

እጇ አልታዘዛትም፤ ሣጥኑ አለፈ ባዶውን።
ማታ ታውኖ፣ ከማዶው ጥግ ሆኖ የሞላውን
ወረቀት ከእሷው ጋር ጎን ለጎን ዘርግቶ፣
ብ ከብ ጋር፣ ብ ከብ ጋር፣ በጣቱ ተከትሎ ወርዶ፣
“ይቺን ዘለልሻት” አላት፣ “አሸለበሽ እንዴ?”
“ያየኝ ነበር” አለች።
“እና? ብቻውን ነበር።”

ስምምነት፦ ዘጠና ስምንት ከመቶ። ለመጀመሪያ ቀን ጥሩ ነው።
መስታወቱ ከምሳ በፊት ደርቋል።