ውታፍ

ሃርዳንገር ዳርቻ፣ ሚያዝያ ሲጀምር፣
ፖሙ ገና ሳያብብ፣ በረዶው ሳይለቅ ከተራራው ድንበር፣
ሱኒቫ ተንበርክካ ከ«ቴርና» ጎን፣
በአውራ ጣት ታነባለች ክብ ክብ የእንጨት ዓይን።
ስምንት መቶ ውታፍ፤ ከሥሩ ስምንት መቶ ቪቴ፤
«ሁሉንም በእጁ ነው ያስገባው፣» ትላለች፣ «አባቴ።»

ውታፍ ነቃይ ማለት በኛ አፍ ስድብ ነው፣
ለጌታ አጎብዳጅ፣ ክብር የሌለው ሰው።
እዚህ ግን ሙያ ነው፣ የሚከፈልበት፣
ጉልበት የሚላጥበት፣ ዓይን የሚፈዝበት።

ብሪንያር ይማራል፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ፣
ጆሮው ላይ እርሳስ፣ የመጋዝ ብናኝ ፊቱ።
«ከዚያው ከማሆጋኒው ቁረጥ፣ ከወንድሙ፣
ሲያረጅ እንዳይጣላ ቀለም ከቀለሙ።
ኮላ አትቀባው፤ ቫርኒሽ ይበቃዋል፤
ዛሬ የዘጋነውን ነገ ሌላ ይከፍተዋል።
ቪቴው የደከመ ቀን ያ ሰው ይመጣል፤
ስማችንን ባያውቅም፣ ኮላ ካገኘ ይረግመናል።
መስመሩ ከሳንቃው መስመር ይግጠም፤ አግድም ይተኛ።
ሽቅብ የቆመ ውታፍ ውሃ ጠጥቶ አብጦ፣
ከሩቅ ይታያል፣ ከጎኑ አፈንግጦ።
ቀስ ብለህ ምታው። ድምፁ ሲወፍር በቃ።
ከዚያ ወዲያ አንድ ብትጨምር፣ ውታፉ ነቃ።
ሲደርቅ፣ በመሮህ ከላይ ከላይ ቅረፍ፣
አንዴ፣ ከፍ አድርገህ፤ ወዴት እንደሚያልፍ
ጅማቱን እየው። ወደ ውስጥ ከገባብህ ዙር፤
በሌላው ወገን ና። ከእንጨት ጋር አትከራከር።»

እኩለ ቀን ሆነ። ከአፍንጫዋ ኋላ፣
ሦስተኛው ሳንቃ ላይ አንዱ ብቻ ሌላ፦
ሌሎቹ በርዝመት ሲተኙ፣ እርሱ ቆሟል፣
በፊዮርዱ ብርሃን ጠቆር ብሎ ይታያል።

ታውቀዋለች። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤
ምላሷን ነክሳ፣ በአባቷ መዶሻ አንድ ውታፍ ስትሰድር።
ሀልቮር አይቶ ዝም። ሰውየው ግን በሙያው
ለአንድ ሚሊ ሜትር ሳንቃ የሚመልስ ነው ከገበያው።

«ይሄም ይወጣል፣» አለች። መሰርሰሪያ አስገባች።
ስብርባሪውን እፍ አለች፤ በጥፍሯ አጸዳች፤
ጎንበስ ብላ አየች።

የሌሎቹ ቪቴ ናስ ነው፤ ጨው በልቶት የቀላ፣
ካቻቢቴ ሲነካው እንደ ብስኩት የላላ።
ይሄኛው ነሐስ ነው። ጭንቅላቱ ሙሉ፣
ቦዩ ስል፣ ጤነኛ፣ ትናንት የገባ ይመስላል ሲያዩ።

መደርደሪያው ላይ አንድ ካርቶን አለ፤
«መቶ የነሐስ ቪቴ» ይላል ክዳኑ፤ አንድ የጎደለ።
አባቷ የሞተ ሳምንት፣ ዕቃው ሲቆጠር፣
ፋብሪካው የተሳሳተ መስሏት ነበር።

ውታፍ በደኅና አይወጣም፤ ሲነቀል ይደቃል።
ይህን ብሪንያርም በሁለት ሳምንት አውቋል።
እንግዲያ የልጅቷ ውታፍ ጠፍቷል ድሮ።
አዲስ ነው የቆረጠው፣ ይሄ ሽማግሌ፤ መስመሩን አይቶ፣ ሩብ ዙር አዙሮ፣
ስህተቷን ደግሞ የሠራው፣ ተጠንቅቆ፣ ጥሮ።
እሷ በርገን ሳለች። ደብዳቤ እንኳ ሳይጽፍ።
ስለ አየሩ ብቻ በስልክ ሲለፈልፍ።

ብሪንያር ቆሟል፤ ከጣቱ ቫርኒሽ እየነጠበ፣
«ይሄኛውን ልምታ?» ብሎ ቀረበ።
ሱኒቫ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋች፤
ነሐሱን ሳትነካ መዶሻውን ሰጠች።
ልጁ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን አምቆ፣
መስመሩን አገኘው ከመስመር አስታርቆ።
ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ።
ድምፁ ወፈረ፤ እጁ ቆመ፣ በልኩ፣ ሳይርቅ።

ያማረ ነው። ሲቀረፍ፣ ቫርኒሽ ሲደረብ፣
የት እንደ ነበር አይገኝም፣ በሻማ ቢታሰብ።
«ጎበዝ፣» አለችው። ፊዮርዱን አየች ጥቂት።
ከጉልበቷ ሥር ያለውን ጥቁር ብናኝ በመዳፏ ጠረገች ወደ ኪሷ፣ ከእርሳሷ ጋር፣ ከሜትሯ ጋር፤

«ቀጣዩ፣» አለች።
አራት መቶ ሠላሳ ሁለት ይቀራል፤
ዝናብም በምዕራብ በኩል ደመናውን ጀምሯል።