ግራና ቀኝ

ዱሉዝ፤ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፤ የሐይቁ ንፋስ ይገርፋል፣
ብርቱካናማው ፈሳሽ ክንፋችን ላይ ይረጫል።
ደረት ኪሴ ውስጥ ሁለት ደብዳቤ፤ ዓርብ መልስ ይፈልጋሉ።

አንዱ ከቺካጎ ነው፦ ሰፊ ጄት፣ ወፍራም ደመወዝ፣
የዝርዝሩ ጭራ፣ ቀኝ ወንበር፣ በተጠራሁበት ሰዓት መጓዝ።
ሌላው እዚሁ፦ ሃምሳ መንገደኛ፣ የሚያቃስት በር፣
አራት መስመር ትከሻዬ ላይ፣ ግራው ወንበር።

አክስቴ ይርገዱ ማታ ደውላ «በቀኝ ያውልህ» አለችኝ፤
እኛ ዘንድ ቀኝ ረዳት ነው፤ ብቻ «አሜን» አሰኘችኝ።

ከግራዬ ካፒቴን ሃልቮርሰን «ወሰንክ?» ሲለኝ
በአማርኛ አመለጠኝ፦ ግራ ገባኝ።
ሞተሩ ሲነሳ ደገምኩት፣ ቀስ ብዬ፣
መሐሉ ላይ አራት ነጥብ ጥዬ፦

ግራ። ገባኝ።