ሁለት መቶ አርባ

ሽምብጥ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ባለው ቤት፣
ሁለት ዓመት ሙሉ ሞቴን ያየሁት ዘግይቼ ነው፣ ከሞትኩበት ሰዓት።
ከግንብ ጥግ ተለጥፌ፣ ጣቴን ቃታው ላይ አሳርፌ፣
ጠላት ገና ብቅ ሲል ሳይ፣ እሱ ገድሎኝ ሄዷል፤ እኔ ነኝ የቆምኩ ተርፌ፣
ሬሳ መሆኔን ሳልሰማ፣ ለሩብ ሰከንድ ተንሳፍፌ።

"መስመሩ ነው" እል ነበር፣ ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ፣
"እኔማ ቀድሜ ተኩሻለሁ፤ መስመሩ ነው የገደለኝ።"
ጥይቴ ከዚህ ተነስታ፣ ደጀን ወርዳ፣ በረሃውን ወጥታ፣
አዲስ አበባ ተሰልፋ፣ ጅቡቲ ላይ ባሕር ገብታ፣
እስክትደርስ የታለመው ሰው ምሳውን በልቶ ተነስቷል፣
እጁን ታጥቦ፣ ጥርሱን ፍቆ፣ ለሌላ ውጊያ ወጥቷል።

ራውተሩ የት ነው? ቡፌ ውስጥ። እናቴ ቆልፋበታለች፣
ከሠርጓ ብርጭቆዎች መሃል፣ ዳንቴል አልብሳዋለች።
አረንጓዴ ዓይኑ በቀዳዳው ይጠቅሳል፣
ይግባኙን የሚጠብቅ እስረኛ ይመስላል።
እህቴ ስንቅነሽ በጓዳ፣ ብርድ ልብሷን ተከናንባ፣
ሦስት ክፍል ድራማ ባንዴ ታወርዳለች፣ ለእያንዳንዱም አንድ ጭልፋ እንባ።

ጋሽ ይርሳው፣ መብራት ጠጋኙ፣ መጣ ካቻቪቴ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣
ብሎኬቱን አንኳኳ፣ ቡፌውን አየ፣ ሳቀ ተንከትክቶ።
"ልጄ፣ በአየር የሚሄድ ነገር ከሁሉ ጋር ይጋፋል፣
ግድግዳ ይመታዋል፣ ብርጭቆ ያንሸዋርረዋል፤ ሽቦ ግን ብቻውን ያልፋል።"
ልጅ ሳለ ከደሴት ማገዶ በታንኳ ያመላልስ ነበርና፣
እጁን ወደ ሐይቁ ዘርግቶ፣ "ስማኝ" አለኝ፣ "ጣና
ሰፊ ስለሆነ አይደለም ቶሎ ወደብ የሚያደርስህ፤
ከፊትህ የቆመ ታንኳ ሲጠፋ ነው፣ ደንገል ከደንገል ሳይፋተግብህ።"

ሠላሳ ሜትር ሽቦ ገዛሁ፣ ሰማያዊ፣ ወሩን በእግሬ ልሄድ ምዬ፣
በመስኮቱ ፍርግርግ፣ በማንጎው ሥር፣ በዶሮ ቤቱ ጣራ አዙሬ፣ አባብዬ፤
ጦጣ እንዳይጎትተው ላዩን የውሃ ቱቦ አለበስኩት።
ከስንቅነሽም ጋር ውል ገባሁ፣ በወረቀት ጻፍኩት፦
ከምሽቱ ሦስት እስከ አምስት ድራማ የለም፤ በምትኩ
ቅዳሜ ልብሷን አጥባለሁ። ካልሲም ጭምር። ፈረምኩ።
እናቴ ምስክር ሆና፣ ዳንቴሏን አጥፋ፣ ታቅፋ፣
የቡፌዋን ባዶ ቦታ ታያለች፣ እንዳልተጠራች ዘመድ አኩርፋ።

ሁለት መቶ አርባ የነበረው ዘጠና ሦስት ሆነ።
ዘጠና ሦስት! ጮህኩ፤ የጎረቤት ውሻ አብሮኝ አላዘነ።
ግንቡ ጥግ ቆምኩ። ብቅ አለ፤ አሁን፣ ባየሁት ቅጽበት፣
አፈሙዙ፣ ጫማው፣ ክንዱ፤ ምንም ያልተሸራረፈበት።
ተኮሰ።
ሞትኩ፣ በሰዓቴ።
ደግሜ ገባሁ፤ ደግሜ ሞትኩ። ሦስተኛም።
ሽቦው ንጹሕ ነው። ጣቴ ናት። ለካ ጣቴ።

በረንዳ ወጣሁ። እናቴንም እንቅልፍ አልወሰዳትም።
በዘጌ በኩል መብረቅ ሐይቁን ሰነጠቀው፤ ድምፁ ግን የለም።
"ቁጠር" አለችኝ፣ ሕፃን ሳለሁ ስፈራ እንደምታስቆጥረኝ።
አንድ... ሁለት... ዘጠኝ ላይ ጣና አጉረመረመ፣ ወለሉ ነዘረኝ።
"ዘጠኝ ሺህ!" አልኩ። "ምኑ?" "የላይኛው መስመር ነዋ።"
ሳቀች፤ ሳይዘገይ ደረሰኝ ሳቋ።

ገንዳው ውስጥ የስንቅነሽ ልብስ ተዘፍዝፏል፤
ነገ ቅዳሜ ነው፣ ካልሲው ብቻ አሥራ አራት ይሆናል።