ይፈቀድ?

ገመዱን ሞከርኩት፤ አፉ አልገጥም አለ፣
አስማሚም በፍኖተ ሰላም ሱቅ የለ።
«ያለ ገመድ ላከው» አለኝ ታናሽ ወንድሜ፣
«ዋይፋዩ ካገናኛቸው ይበቃል!» ደጋግሜ
ስጠይቀው፣ ስቆ።

ዋይፋዩን ከጋሽ ይርሳው ጋር እንጋራለን፣
በወር በወሩ ግማሽ ግማሽ ከፍለን፤
ግድግዳም እንጋራለን፦ ጭቃ፣ በጭድ የተለሰነ፣
ሳላቸውን እስክቆጥር ድረስ ስስ የሆነ።

ስልኬ ፈልጎ ፈልጎ ሁለት ስም አወጣ፦
«ሳሎን»። ደግሞም «ሳሎን»። የቱን ልምረጥ? ጣጣ!
የኔዋ አንድ ክፍል ናት፣ አልጋና ምድጃ፣
ሳሎን ብሎ የጠራት ማን እንደሆነ እንጃ።

ነካሁት አንደኛውን።
የኔ ቴሌቪዥን ጥቁር። ዝም።
ከግድግዳው ማዶ ዜናው ድንገት ጸጥ፤
ከዚያ የጋሽ ይርሳው ድምፅ፦ «ትርንጎ! ነይማ ቶሎ፣
ይኼ ያንቺ ፎቶ ከየት መጣ በቅሎ?»

ከእህቷ ሰርግ ፎቶ ቆርጬ ያስቀረኋት፣
ሰው ሁሉ ሲወጣ እሷን ያቆየኋት፤
ከጎኗ ግን ቀርቷል፣ መቁረጫው ስቶት፣
የአባቷ ትከሻ፣ ግማሽ ካፖርት።

«አቋርጥ» የሚለው ከዓይኔ ላይ ጠፋ፤
ጥድፊያዬም ይባስ ፎቶውን አሰፋ።
ነጎድጓድ። ሐምሌ ነው። ሰፈሩ ጨለመ።
ዘመኔን የረገምኩት የመብራት መጥፋት፣
ያን ማታ ስለት አስገባሁለት።

ጠዋት ደጅ ተገናኘን፤ ካፖርቱን ደርበው
«እንዴት አደርክ?» አሉኝ፣ ትከሻቸውን አራግፈው።
ስማቸው ይርሳው ነው። ረስተውት ይሆን?
አልጠየቅኋቸውም።

ማታ መብራት መጣ።
ቴሌቪዥኔ በራ፣ ማንም ሳይነካው፦
«የትርንጎ ስልክ ሊገናኝ ይፈልጋል።
ይፈቀድ? ይከልከል?»

ሪሞቱ የት ገባ?
ፍራሹን ገለበጥኩት።