ዓይንህ የሄደበት

ከሞኮዋ ዳርቻ፣ ከጎሚስታ ቤቷ ደጅ፣
ኦብዱልያ ቆማ ታሰናብታለች ልጅ።
እጇ እስከ ክርኗ በግራሶ ጠቁሯል፣
ከንፈሯ መሐል አንድ ቡሎን ተይዟል።
ተፋችው። ጎንበስ ብላ ጎማውን ጫን አለች፤
«ትንሽ ይተንፍስ» አለች፤
«ዓለቱ ርጥብ ነው፤
እንደ ከበሮ የተወጠረ ጎማ እዚያ ላይ ጨፋሪ ነው።

ና ወዲህ፣ አገጭህን ቀና፤ የሄልሜትህን ማሰሪያ
እኔ ልሰረው ዛሬ፣ ለመጀመሪያ።
ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤
ቆመው ያሰሩት ግን ሲቡንዶይ ይደርሳል።»

ከኋላ በሳጥን፣ በጥጥ ተጠቅልሎ፣
የሸለቆው ሽማግሎች ጥርስ አለ ተደላድሎ፤
አሥራ አንድ ድርድር፣ በየስሙ የተለየ፣
እስከ ዛሬ ሰው አፍ ገብቶ ያልታየ።

«ሠላሳ ዓመት በድዱ በቆሎ የፈጨ ሰው
አንድ ሰዓት ቢዘገይበት ምንም አይጎድለው።
ጥርስ አይቸኩልም፣ ዬይሰን። አንተም አትቸኩል።

ኩርባው ሳይደርስብህ ፍሬንህን ጨርስ፤
መሐሉ ላይ መያዝ፣ እሱ ነው የሚያፈርስ።
ማርሽህን ቀንሰህ፣ ጉልበትህን ከታንከሩ አጣብቀህ፣
እጅህን ግን አላልተህ፤
መሪውን የሚያንቅ ሰው
መንገዱ የነገረውን አይሰማው።

ጭጋግ የወረደ እንደሆነ፣
የሚታይህ መንገድ እንደ መሐረብ ያነሰ እንደሆነ፣
ያንኑ ለሁለት ክፈለው፤
ግማሹ ያንተ ነው፣ ቆመህ የምትቀርበት፤
ግማሹ ሙዝ ጭኖ የሚወርድ የካሚዮን ነው፣ ሾፌሩ ያልተኛበት።

ውኃ መንገድ ሲያቋርጥ ውረድና እየው፤
ጉድጓድ ይሁን ድንጋይ፣ በእግርህ ለካው።
ይስቁብህ። የረጠበ ካልሲ ይደርቃል፤
የተሰበረ ቁርጭምጭሚት ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር ያወራል።»

ከዚያ ዝም አለች።
ካቴናውን ዳሰሰች፣ ሁለቴ የፈተሸችውን፣
ሦስተኛ ዳሰሰችው።

«ዓይንህ የሄደበት ሞተሩ ይሄዳል።
ገደሉን ካየኸው ገደሉ ይስብሃል፤
ድንጋዩን ካየኸው ድንጋዩ ይገጥምሃል።
ኩርባው የሚያልቅበትን፣ መውጫውን ተመልከት፤
አገጭህ ይቅደምህ፣ ትከሻህ ይከተልበት።

ደግሞ አንድ ነገር። ከሁለተኛው ፏፏቴ በላይ
ነጭ መስቀል አለ፣ በስተግራ፣ ጠርዙ ላይ።
ጭጋጉ ነው ይላሉ፣ መንገዱ ነው ይላሉ፣
ጋኔን አለበት የሚሉም አሉ።
ውሸት ነው። ኤርሚንሱል አባትህ
ለኳስ ነበር የቸኮለው፣
ሁለተኛው አጋማሽ እንዳያመልጠው።
ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ከታንከር በተረፈ ቀይ ቀለም፤
አሳምሬው ይሆናል፣ ሳያየው የሚያልፍ የለም።
አንተ ግን አትየው።
በክላክስ ጥራው፣ ሁለቴ፣ አጭር አጭር አድርገህ፤
ይሰማሃል አባትህ።
ሙት አልታየሁም ብሎ አይቀየምም፤
እኔ ግን ሁለት መስቀል አልቀባም።»

ሞተሩ ተነሣ። እሷ እጇን አላውለበለበችም፣
በስፖኪዮው እንዳያያት፤
ደጁ ላይ እንኳ አልቆየችም።

ሦስት ጎማ ለጠፈች እስከ እኩለ ቀን።
ዘነበ። አባራ። ደግሞ ዘነበ።
የመጣ ካሚዮን ሁሉ ጭቃው ከየት እንደሆነ በቀለሙ ታውቃለች፤
ቀዩን ጭቃ ስታይ ትጠይቃለች፣
ጥቁሩን ስታይ ትተዋለች።

ወደ ማታ ስልኳ ጮኸ።
«ደረስኩ» አለ። «ጥርሶቹም ደኅና ናቸው፤
አንዲት አሮጊት እዚያው በሬ ላይ ሞከረቻቸው፣
የሰው እንደሆኑ ሳታውቅ።»
ሳቀች ኦብዱልያ። ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ፤
በመስመሩ ውስጥ ዝናብ ይሰማል፣ የእሱ ይሁን የእሷ አይታወቅም።

«እማ» አለ፤ «አላየሁትም።»

ስልኩን አስቀመጠች። መፍቻዋን አነሣች።
የትኛው ቡሎን እንደላላ ግን ረሳች።