ስልሳ አራተኛው ኪሎ ሜትር

አውሊኪ ቲካነን፣ በመኪናዋ ሆና፣
በጨረር ስትለካ የመንገዱን ጤና፣
በሰዓት ሰማንያ፣ ከካይኑ ሰሜን ጫፍ፣
ስንጥቁን ስትቆጥር፣ ጥዱ ከጎን ሲያልፍ፣
አንዱ እንደ ፀጉር፣ አንዱ እንደ አዞ ቆዳ፣
አንዱ ውርጭ ነፍቶት የተጎዳጎዳ፣
ማያው ላይ ይሰፍራል፣ እየሆነ ቁጥር፤
ከዜሮ እስከ መቶ፣ የአስፋልት ዕድሜ ምስጢር።

ማታ ከቢሮዋ፣ ሂሳቡን ከፍታ፣
የበረዶውን ልክ፣ የግንድ ጫኙን ብዛት ባንድ ላይ አስልታ፣
ስታየው፣
መስመሩ ይወርዳል።
መጀመሪያ በቀስታ፣ ዓይን እስኪጠራጠር፤
አምስት፣ ስድስት ዓመት፣ ምንም የለም ችግር፤
በሰባተኛው ግን፣ እግሩን እንደ ዳጠው፣
ቁልቁል ይንደረደራል፣ ማንም ላያቆመው።

«እዚህ ጋ» ትላለች፣ ከጠርዙ በፊት፣
«ዛሬ አንድ ዩሮ፣ ነገ ስድስት ናት።»
በእኔ ቋንቋ ቢባል፦ ሳይቃጠል በቅጠል፤
በእሷ አገር ቅጠሉ ቀጭን ሬንጅ ይሆናል።

ግን በጀቱ ጠባብ፣ ብርድ ልብሱ አጭር፣
ራስ ሲሸፍኑበት እግርን የሚያስቀር።
አሥራ ዘጠኝ መንገድ እጁን ዘርግቶላት፣
የተፈቀደላት የአራቱ ብቻ ናት።
ማሽኑ መለሰላት፣ ይሉኝታ የለው፦
«ለቆመው መንገድ ስጪ፤ ይቅር የወደቀው።»

ለተቃጠለውስ?
ለተቃጠለው ምን ቅጠል አለ?

ከስልሳ አራተኛው ኪሎ ሜትር ማዶ፣
ሰባት ቤት አለበት፣ ጣሪያው ላይ በረዶ።
ከሰባቱ ባንዱ፣ ታውኖ ይኖራል፤
አርባ ዓመት ግሬደር በዚያው መንገድ ነድቷል።
ደብዳቤ መላክ ይበቃት ነበር።
ደወለች።

«ታውኖ፣ መንገድህ...»
«ስንት ሰጠሽው?»
«አሥራ አንድ።»
«ከመቶ?»
«ከመቶ።»
ዝም አለ። ከኋላው የግድግዳ ሰዓት ይሰማል።
«እኔ ሰማንያ ሦስት ነኝ» አለ ቆይቶ፣
«በነጥብ በለጥሁት ማለት ነው።»
አልሳቀችም። እሱም አልሳቀ።

«አስፋልቱን አንሥተን፣ ጠጠር ብናለብሰው?»
ይህን ያለችው እሷ ናት፤ ማሽኑ አልነገራትም።
«ጠጠርማ» አለ፣ «ሲከፋው ይናገራል፤
ማታ አልጋሽ ላይ ሆነሽ፣ ድምፁ ይሰማሻል።
አስፋልት ግን ዝም ብሎ፣ ዝም ብሎ፣ ይሞታል።»

ሰኔ ላይ ገልባጩ ጠጠሩን ሲደፋ፣
ትንኙ ሲጨፍር፣ አቧራው ሲሰፋ፣
ሁለቱ ቆመዋል ከመንገዱ ትከሻ፤
እሷ ማያ ይዛ፣ እሱ ትንሽ አካፋ፣ ለጫማው መጥረጊያ፣ ለአፈሩ መዳሰሻ።
አጎነበሰና አንድ እፍኝ ዘገነ፤
ጨበጠው፤ ለቀቀው፤ በጣቱ መዘነ።
«ሸክላው ትንሽ ይብዛ» አለ። ሌላ አልተናገረ።

ሠንጠረዡ ግርጌ፣ አዲስ ረድፍ ከፍታ፣
«የሚቀጥለው ዓመት ትንበያ» በሚለው ቦታ፣
ነጥብ አልሰጠችውም፤
የታውኖን ስልክ ቁጥር ጻፈችበት ማታ።